ክስ ከመመሥረት እስከ መጥሪያ ማድረስ፦ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

በቀድሞው አጠራር የመናገሻ አውራጃ ይባል በነበረውና ዛሬ አዲስ አበባን በሚያዋስነው አካባቢ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ሰው ያበደረው ገንዘብ ሲከለከል፣ ያከራየው ቤት አልለቀቅም ሲባል ወይም የሠራበት ደመወዝ ሳይከፈለው ሲቀር፣ ሽማግሌ ሞክሮ ካልሆነለት መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። እውነት ያለው ከሳሽ ሳይቀር መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በክርክሩ መሐል ሳይሆን ከክርክሩ በፊት፣ ክሱን ያለ ቦታው ሲያቀርብ፣ ማመልከቻውን ከፍሬ ነገር ይልቅ በምሬት ሲሞላው ወይም መጥሪያውን በወጉ ሳያደርስ ሲቀር ነውና ይህ መመሪያ ትኩረቱን በእነዚህ የመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ያደርጋል።

መመሪያው የሚመለከተው የፍትሐ ብሔር ክስን ነው። የፍትሐ ብሔር ክስ ማለት አንድ ሰው በውል፣ በንብረት፣ በቤተሰብ ወይም በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ያገኘውን መብት ሌላው ወገን እንዲፈጽምለት በራሱ ስም ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ጥያቄ ሲሆን፣ በወንጀል ጉዳይ ግን ተበዳዩ አቤቱታውን ለፖሊስ ያቀርባል እንጂ ክሱን በመደበኛው አሠራር የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው። እግረ መንገድ ሊታወቅ የሚገባው፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካላመለከተ መብቱ የሚቀርበት መሆኑ ነው።

1. መብቱ በይርጋ አለመታገዱን ማረጋገጥ

ይርጋ ማለት ሕጉ አንድን መብት በፍርድ ቤት ለመጠየቅ የወሰነው የጊዜ ገደብ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት ከውል የሚመነጭ መብት፣ ሕጉ በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በቀር፣ በ10 ዓመት ይታገዳል፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሣ ደግሞ በቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይኖርበታል። ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች በበዙበት በዚህ አካባቢ በይበልጥ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ እንዲሁም ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ አሠሪው «ነገ እንጨርሳለን» እያለ የሚያመላልሰው ሠራተኛ ቀኑን መቁጠር ያለበት ከተሰናበተበት ዕለት ጀምሮ እንጂ ተስፋው ከተቆረጠበት ዕለት ጀምሮ አይደለም።

ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ከዕዳው ላይ ጥቂት ከከፈለ፣ የይርጋው ቆጠራ ተቋርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። በመሆኑም እያንዳንዱ ከፊል ክፍያ በጽሑፍ ወይም በባንክ ቢፈጸም ለአበዳሪው ሁለት ጥቅም አለው፤ ዕዳው መኖሩንም ያስረዳል፣ ጊዜውንም ያድሳል።

2. ማስረጃን መመዘንና ማስጠንቀቂያ መስጠት

ከሳሽ ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሮጡ በፊት በእጁ ያለውን ማስረጃ በገለልተኛ ሰው ዓይን ሊያየው ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረዳው በጽሑፍ፣ በተከሳሹ እምነት ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ብቻ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ሲቆጠር ያዩ ምስክሮች ቢኖሩም እነርሱ ብቻቸውን ብድሩን አያስረዱም። በዛሬ የገንዘብ መጠን 500 ብር ምንም ማለት ስላልሆነ፣ ይህ ድንጋጌ በተግባር ማንኛውንም ብድር የሚነካ ሆኗል። የባንክ ዝውውር ሰነድም ቢሆን ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ የተላለፈው በብድር መሆኑን ሁልጊዜ እንደማያሳይ አንባቢ ልብ ይበል።

የመሬት ነገር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በከተሞቹ ዳርቻ ከአርሶ አደር «ይዞታ ገዛሁ» የሚል ሰው በእጁ ያለው በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት ቢሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት በመሆኑ፣ ውሉ እንዲፈጸምለት የሚያቀርበው ክስ መሠረት የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት መጠየቅ ነው። ቤትን ለመሸጥ የተደረገ ውልም በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል።

ክሱ ከውል የሚነሣ ከሆነ ለባለዕዳው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ይህን ይጠይቃልና። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ባለዕዳው እንዲፈርምበት ወይም በአደራ ፖስታ እንዲላክ ማድረግ ይመረጣል። በስልክ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ተከሳሹ ሲክድ የሚያስረዳው ነገር የለም።

3. ትክክለኛውን ፍርድ ቤት መለየት

አዲስ አበባ አጠገብ መኖር ከሁሉ የሚያስቸግረው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ሰውየው ቡራዩ ያድራል፣ መርካቶ ይነግዳል፣ ገንዘቡን ያበደረው ለሱሉልታ ነዋሪ ነው፣ ውሉን የፈረሙት አዲስ አበባ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሁለት የሥልጣን ዓይነቶችን ለይቶ በመመልከት ነው።

የመጀመሪያው የግዛት ሥልጣን፣ ማለትም ጉዳዩ በየትኛው አካባቢ ባለ ፍርድ ቤት ይታያል የሚለው ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 19 ዋናውን ደንብ ያስቀምጣል፤ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ሥራውን በሚያካሂድበት ቦታ ነው። የውል ክርክር ከሆነ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል፤ ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታም እንዲሁ። ቤትንና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ክስ ግን በቁጥር 25 መሠረት ንብረቱ ባለበት ስፍራ የሚቀርብ በመሆኑ፣ ሁለቱም ተከራካሪዎች አዲስ አበባ ቢኖሩም ሱሉልታ ስላለው ቤት የሚሟገቱት እዚያው ነው።

ሁለተኛው የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ጉዳዩን በዓይነቱና በገንዘብ መጠኑ የማየት ሥልጣን ያለው የትኛው እርከን ነው የሚለው ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ የሚገኙና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ በመሆናቸው፣ በዚያው ነዋሪ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚነሣ ተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር የክልሉ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነው። አንደኛው ወገን በቋሚነት የአዲስ አበባ፣ ሌላው ደግሞ የኦሮሚያ ነዋሪ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፌዴራል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ከሳሽ የግድ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል ማለት አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ስለሚሠሩ፣ ክሱ በክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ የገንዘቡ መጠን አነስተኛ ቢሆንም ተከራካሪው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሆነ፣ ከሳሽ በቅርቡ ወዳለው የመጀመሪያ እርከን ፍርድ ቤት ከማምራቱ በፊት የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ኃላፊ (ሬጅስትራሩን) ወይም የሕግ ባለሙያን ሊጠይቅ ይገባል።

ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ በሁለቱ ላይ እኩል አይደለም። የግዛት ሥልጣን መቃወሚያ ተከሳሹ በጊዜው ካላነሣው ሊታለፍ የሚችል ሲሆን፣ የሥረ ነገር ሥልጣን ጉድለት ግን በማንኛውም ደረጃ ላይ ቢታወቅ መዝገቡን ያዘጋዋል፤ ሁለት ዓመት የተደከመበት ክርክር በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ሥልጣን አልነበረውም» ተብሎ ሊፈርስ ይችላል።

በክልሉ ውስጥ ሌላም አማራጭ አለ። የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን ሕጋዊ እውቅና ስለሰጣቸው፣ ጎረቤቶች ወይም ዘመዳሞች ጉዳያቸውን በስምምነት ወደዚያ ቢወስዱት ከመደበኛው ሙግት ባነሰ ወጪ ሊያልቅላቸው ይችላል። ዝምድናው ከገንዘቡ በላይ በሚሆንበት ጊዜ ይህ መንገድ ቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ነው።

4. የክስ ማመልከቻውን መጻፍ

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ለክልሉ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ማመልከቻ በዚሁ ቋንቋ ይዘጋጃል። ቋንቋውን የማይችል ከሳሽ በችሎት አስተርጓሚ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል፤ ማመልከቻውን ግን በፍርድ ቤቱ በር ላይ ለተቀመጠ ጸሐፊ በቃል ነግሮ የማያነበውን ወረቀት ፈርሞ ማስገባት አደገኛ ነው። ፍሬ ነገሩን በሚችለው ቋንቋ በቀን ቅደም ተከተል ጽፎ ይዞ ይሂድ፤ ከተተረጎመም በኋላ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቃል በቃል እንዲያነብለት ያድርግ። ማመልከቻው በእውነተኛነቱ የሚረጋገጥና የሚፈረምበት በመሆኑ፣ ከሳሽ «እኔ እንዲህ አላልኩም፣ የጻፈው ሰው ነው» ቢል የሚሰማው የለም።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ማመልከቻው ሊይዛቸው የሚገቡትን ነገሮች ይዘረዝራል፤ እነርሱም የፍርድ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የከሳሽና የተከሳሽ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ክሱን ያስከተለው ነገርና የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ያለው ለምን እንደሆነ፣ ተከሳሹ ኃላፊ የሚሆንበት ምክንያት፣ የክሱ ገንዘብ መጠንና የሚጠየቀው ዳኝነት ናቸው። ዳኝነት ማለት ከሳሽ ፍርድ ቤቱ እንዲወስንለት የሚፈልገው ነገር ነው።

የፍሬ ነገሩ አጻጻፍ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል። «ተከሳሽ እንደ ወንድም አምኜው ገንዘቤን በልቶ የካደኝ፣ እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር የከሳሽን ቁስል ይገልጻል እንጂ ለዳኛው የሚያስጨብጠው ነገር የለም። ይኸው ነገር እንዲህ ቢጻፍ ግን መልክ ይይዛል፦ «ተከሳሽ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰበታ ከተማ በተጻፈ የብድር ውል ከከሳሽ 85,000 ብር ተቀብሎ ገንዘቡን ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ለመመለስ ግዴታ ገብቷል፤ የመመለሻው ቀን ካለፈ በኋላ ከሳሽ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሰጠው ቢሆንም እስካሁን አልከፈለም።» እዚህ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል የሚሉት ሁሉ ተመልሰዋል፤ ተከሳሹም አመነም ካደ አንድ በአንድ ለመመለስ ይገደዳል።

ዳኝነቱ በሚጠየቅበት ክፍል ምንም ነገር አይዘንጋ፤ ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥምና። ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱ፣ ወጪና ኪሣራው ተለይተው ይጠየቁ። ውሉ ወለድ ያልወሰነ ከሆነ ሕጋዊው ወለድ 9 በመቶ ነው። ከአንድ ምክንያት የመነጨውን ጥያቄ ከፍሎ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ለመጠየቅ ማሰብም አይጠቅምም፤ በቁጥር 216 መሠረት በመጀመሪያው ክስ ያልተጠቃለለው ቀሪ ጥያቄ በሌላ ጊዜ አይቀርብም።

ከማመልከቻው ጋር በቁጥር 223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። የምስክሮች ስም ከነሙሉ አድራሻቸው፣ የሚመሰክሩበት ጭብጥ፣ በእጅ ያሉ ሰነዶች ቅጂ፣ በሌላ ሰው ወይም በመሥሪያ ቤት እጅ ያለ ሰነድ ካለም የት እንደሚገኝ በዝርዝሩ ይገባል። «ሌላ ማስረጃ ወደፊት አቀርባለሁ» የሚለው የተለመደ ማሳሰቢያ ቀድሞ በእጅ የነበረን ማስረጃ በኋላ ለማስገባት ዋስትና አይሆንም። ዋናው ሰነድ ከከሳሽ እጅ እንዳይወጣ፤ የሚያያዘው ቅጂው ሲሆን ዋናው በክርክሩ ቀን ለማመሳከር ይቀርባል።

ተከሳሹ ንብረቱን ሊሸጥ ወይም ሊያሸሽ ነው የሚል ተጨባጭ ስጋት ካለ የእግድ ትእዛዝ፣ ማለትም ንብረቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ባለበት እንዲቆይ የሚያደርግ ጊዜያዊ ትእዛዝ፣ በቃለ መሐላ ተደግፎ ከክሱ ጋር አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የሚጠየቅ እግድ የሚይዘው ነገር የለውም።

5. መዝገብ ማስከፈትና የዳኝነት ክፍያ

ማመልከቻው ለፍርድ ቤቱ፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽና ለከሳሽ በሚበቃ ቅጂ ተዘጋጅቶ ለሬጅስትራር ይቀርባል። ሬጅስትራር የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት የሚመራና ማመልከቻው መሟላቱን የሚመረምር ሹም ነው። የዳኝነት ክፍያው በክሱ የገንዘብ መጠን ልክ ስለሚሰላ፣ ክፍያውን ለመቀነስ ብሎ የክሱን ግምት ዝቅ ማድረግ ማመልከቻውን ለመመለስ ምክንያት ይሆናል። የመክፈል አቅም የሌለው ከሳሽ አቅም ማጣቱን በማስረጃና በቃለ መሐላ አስደግፎ በነጻ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል። ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቃ የሚይዝ ሰው ደግሞ ጠበቃው በክልሉ ፍርድ ቤት ለመቆም የሚያስችለው ፈቃድ እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ። መዝገቡ ሲከፈት የሚሰጠው የመዝገብ ቁጥር በጥንቃቄ ይያዝ።

6. መጥሪያውን ማድረስ

መጥሪያ ማለት ተከሳሹ የቀረበበትን ክስ አውቆ በተወሰነው ቀን መልሱን ይዞ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ከክስ ማመልከቻውና ከማስረጃው ቅጂ ጋር ሆኖ ካልደረሰው ተከሳሹ እንደተጠራ አይቆጠርም። ከሳሽ መጥሪያውን ራሱ ወስዶ እንዲያደርስ በሚታዘዝበት ጊዜ የሚፈጸሙት ስሕተቶች ብዙ ናቸው፤ ለተከሳሹ ጎረቤት ጥሎ መመለስ፣ ለሕፃን መስጠት፣ ሳያስፈርሙ ማስረከብ፣ ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ማድረስ የተለመዱት ናቸው።

ትክክለኛው መንገድ መጥሪያውን ለተከሳሹ በእጁ መስጠት ነው። በቡራዩና በሰበታ ብዙው ሰው ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ሥራ ወጥቶ ሲመሽ ስለሚመለስ፣ እኩለ ቀን ላይ ሄዶ «አጣሁት» ማለት በቂ ፍለጋ አይደለም፤ በማለዳ፣ በምሽት ወይም በእሑድ፣ ካልሆነም በሥራ ቦታው መሞከር ያስፈልጋል። በራሱ ካልተገኘ አብሮት ለሚኖር አካለ መጠን ለደረሰ የቤተሰቡ አባል ሊሰጥ ይችላል። ድርጅት ከተከሰሰ ደግሞ መጥሪያው በር ላይ ላለው ጥበቃ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁ ወይም ደብዳቤ ለሚቀበለው ቢሮ ይደርሳል። በመጥሪያው ቀሪ ላይ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ከተከሳሹ ጋር ያለው ዝምድና፣ የተቀበለበት ቀንና ሰዓት እንዲሁም ፊርማው መኖር አለበት፤ ይህ ቀሪ ከቀጠሮው በፊት ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ያለዚህ ወረቀት ከሳሽ ምንም ያህል ቢምል ዳኛው «መጥሪያው ደርሷል» ብሎ ሊመዘግብ አይችልም።

ተከሳሹ አልቀበልም ካለ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ወርውሮ መመለስ ሁከትን እንጂ ሌላ ነገር አያመጣም። አለመቀበሉን ያዩ ሰዎች ተመዝግበው ለፍርድ ቤቱ ይገለጽና በቀበሌ ወይም በፖሊስ በኩል እንዲደርስ፣ ወይም በመኖሪያው በር ላይ እንዲለጠፍ ትእዛዝ ይጠየቅ። የአድራሻ ስያሜም ጥንቃቄ ያሻዋል፤ በሸገር ከተማ አደረጃጀት የክፍለ ከተማና የወረዳ ስያሜዎች ስለተለወጡ አዲሱም የቀድሞውም ስም፣ የሚታወቅ ምልክትና የስልክ ቁጥር አብረው ቢጻፉ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም።

በጋዜጣ የሚደረግ ጥሪ በቁጥር 105 የተፈቀደ ቢሆንም የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከሳሽ ተከሳሹን በትጋት ፈልጎ ማጣቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የተከሳሹን ቤት እያወቀ «አድራሻው አይታወቅም» ብሎ በጋዜጣ አስጠርቶ በሌለበት የሚያስፈርድ ሰው የተከሳሹን የመሰማት መብት ይነጥቃል፤ ይህ ነውር ከመሆኑም በላይ አያዋጣም፤ ተከሳሹ ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው አስረድቶ በቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ሊያስነሣ ይችላልና።

7. በቀጠሮው ቀን መገኘት

ተከሳሹ መጥሪያው ደርሶት ሳይቀርብ ቢቀር ክርክሩ በሌለበት ይቀጥላል፤ መጥሪያው አለመድረሱ በከሳሽ ጥፋት ከሆነ ግን መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ከሳሽ ሳይቀርብ ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን ከካደ ክሱ በቁጥር 73 መሠረት ይሰረዛል፤ ከሳሽም በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብ ስለማይችል ያለው ዕድል በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ መዝገቡ እንዲከፈትለት ማመልከት ብቻ ነው። ከሱሉልታም ሆነ ከሰበታ የሚመጣ ሰው «ትራንስፖርት አጣሁ» ያለው ምክንያት ላይታመንለት ስለሚችል ቀድሞ መድረስ ግዴታው ነው። ዳኛው ቀጣዩን ቀጠሮ ሲናገር ቀኑን ጽፎ መያዝና ከችሎት ሲወጣ ከመዝገብ ቤት ማመሳከር ያስፈልጋል፤ በቃል የሰማውን ቀን አሳስቶ የቀረ ከሳሽ እንደ ቀረ ይቆጠራል።

ተከሳሹ በመልሱ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል፣ ከዚህ በፊት ተፈርዶበታል» የሚል ክርክር ሊያነሣ ይችላል፤ ከላይ የተዘረዘሩትን ደረጃዎች በጥንቃቄ የተከተለ ከሳሽ መልሱ በእጁ ነው። በመሐል ዕርቅ ከመጣ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤቱ መጽደቅ አለበት፤ በቡና ቤት ተጨባብጦ መዝገቡን ያዘጋ ከሳሽ ተከሳሹ ቃሉን ቢያጥፍ የሚያስፈጽመው ፍርድ የለውም። በፍርዱ ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኙን ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ ስላለበት የፍርዱን ግልባጭ ፍርዱ በተነበበበት ዕለት መጠየቅ ይኖርበታል። የተፈረደለት ወገን ደግሞ ፍርዱ በራሱ እንደማይፈጸም ይወቅ፤ የአፈጻጸም ማመልከቻ ማቅረብ ይገባዋል፤ ይህም መብት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 384 መሠረት በ10 ዓመት ይታገዳል።